ዓሣ ይጾማል ወይ?

ሰው ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ምኑ ላይ ነው? የእኔ መስኮቱ ላይ ነው። ሶፋ አላይም፤ ቴሌቪዥን አላይም። መስኮቱ ወዴት ይመለከታል? ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ትገባለች? ሥሩስ ማን ተቀምጦ ይሞቃል? ይህን ሳላጣራ የቀረበልኝን ቆሎ እንኳ አልዘግንም። አትፍረዱብኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሾልክ የኖረ ሰው ብርሃንን እንደ ዘመድ ነው የሚያየው።

የእኛ ቤት ደህና መስኮት አንድ ነው። ሌሎቹ ለስም ያህል የተበሱ ናቸው። ይህ አንዱ ግን ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ከደብረ ማርቆስ ጉም የተረፈች ፀሐይ ካለች መጀመሪያ የሚያገኛት እሱ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ስዳር ይዤ የመጣሁት አንድ ሣጥንና አንድ የስፌት መኪና ነበር። ሣጥኑ የትም ተቀመጠ። መኪናዋን ግን መስኮቱ ሥር አኖርኋትና ስድስት ዓመት ሰፋሁባት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ቀሚስ፣ የሚጠብና የሚሰፋ ሱሪ። በዚያ መስኮት ፊት የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ወገብ በዓይኔ ለክቼ ጨርሻለሁ። ብዙ አልናገርም። በሰፈሩ «ዝምተኛዋ» ነው የምባለው። አፍ ሙሉ ስፒል ተይዞ ምን ይወራል?

ታዲያ ይህን መስኮት ዓሣ ወሰደብኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ባለቤቴ ይበልጣል ይባላል። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ከምን እንደሚበልጥ አልተናገሩም። እሱም ከምን እንደሚበልጥ ሳያውቅ የሚበልጥ ነገር ሲፈልግ ይኖራል። ሥራው የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። ከመጋባታችን በፊት ሁለት ዓመት ጅቡቲ ነበር፤ የአንድ ሀብታም ቤት ፓምፕ ጠባቂ ሆኖ። እዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ባሕር ነበር ይለኛል። እውነተኛ ባሕር፤ በመስታወት የታጠረ። ውስጡ የሚያብብ ድንጋይ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ብርቱካንማ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ። ሌላው ሰው ከስደት ወርቅ ይዞ ይመለሳል፤ የእኔው ሰው ምኞት ይዞ ተመለሰ። ምኞት ደግሞ አይታሰርም፣ አይሸጥም፤ ቦታ ብቻ ነው የሚይዝ።

የመጀመሪያው ገንዳ ስድሳ ሊትር ነበር፤ ቡፌው ላይ ተቀመጠ። ውኃውን ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ጓደኛው በቢጫ ጀሪካን አመጣለት። ሾፌሩ ጀሪካኑን ሲያወርድ ሳቁ አላስችል ብሎት ነበር። እኔ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፤ ከባሕር ወደ ዓባይ አገር ውኃ ስጭን ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው አለ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እንሰማ ነበር፤ ጠምቶት ከጅቡቲ ያስመጣል ግን አላሉንም። በኋላ ሾፌሩም ሰለቸውና ይበልጣል ከአዲስ አበባ የባሕር ጨው በከረጢት እያስመጣ በዝናብ ውኃ ይበጠብጥ ጀመር። አማቴ ጨው መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ። ለከብት የሚላስ አሞሌ እያለ ሰው ጨው ከአዲስ አበባ ያስጭናል? ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያጉተመትሙ ዋሉ።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ አብረውን ነው የሚኖሩት። የይጁቤ ገጠር ሰው ናቸው። ጾም አይገድፉም፣ ዕቃ አይጥሉም፣ የሰሙትን ቃል ደግሞ በሚያውቁት ነው የሚተረጉሙት። አንድ ቀን ይበልጣል ከአዲስ አበባ ደወለ። ነገ ኮራል ይዤ እመጣለሁ አለ። ኮራል ያው የሚያብበው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ነፍስ አለው፣ አፍ አለው፣ ይበላል። እማማ ግን የሰሙት ሌላ ነው። በማግሥቱ በጠዋት ተነሥተው የተቀደደ ጫማ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሟች ባላቸውን ካውያ ሳይቀር በር ላይ ከመሩት። እማማ ምነው? ብላቸው፣ «ልጄ ቆራሌ ይዞ እየመጣ አይደል?» አሉ። ቆራሌ ያው አሮጌ ዕቃ በአዲስ ፕላስቲክ የሚለውጠው፣ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ነው። ልጃቸው ቆራሌውን ከአዲስ አበባ ድረስ አጅቦ የሚያመጣው ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። እናት ልጇን አትጠረጥርም።

ይበልጣል ማታ መጣ። ከላስቲክ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አወጣ። እማማ ድንጋዩን አዩ፣ የከመሩትን ክምር አዩ። «ይቺ ናት ቆራሌው?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮራሎቹ በቤታችን ስማቸው «ቆራሌዎቹ» ሆነ። ይቺን ቆራሌ አትርሱብኝ፤ ትመለሳለች።

የዓሣ ነገር እንደ ጠላ ነው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ብሎ የጀመረ ማሰሮውን ሳያይ አይነሣም። ስድሳው ሊትር ጠበበ፤ ሁለት መቶ መጣ። ሁለት መቶው ጠበበ። በመስከረም፣ ሰው ለልጁ ደብተር ሲገዛ፣ ይበልጣል ስድስት መቶ ሊትር የሚይዝ መስታወት አስቆረጠ፤ በያጅ የብረት መቆሚያ በየደለት። ከዚያ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ማዕበል የሚሠራ ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ። መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ እንፈልጋለን፤ ዓሦቹ አያውቁትም። ማርቆስ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እኛ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ስንደርብ እነሱ በሃያ አምስት ዲግሪ ይዋኛሉ። እማማ ይህን የደረሱበት ቀን ወንበራቸውን ሳቡና ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጡ። እስከዛሬም ከዚያ አልተነሡም። የባሕር ዓሣ ለወገብ ሕመም ይበጃል ይላሉ።

ስድስት መቶ ሊትር ማለት ስድስት ኩንታል ነው። ስድስት ኩንታል ጤፍ ቢሆን እኔም ግባ በለው እል ነበር። ይህን ሁሉ ክብደት የሚችል መሠረት ያለው የቱ ግድግዳ ነው? በድንጋይ የታነፀው። የትኛው ነው በድንጋይ የታነፀው? የመስኮቱ! የስፌት መኪናዬ ተነሥታ በር ጀርባ ካለው ጨለማ ጥግ ገባች። ከመስኮቱና ከእኔ መሐል ባሕር ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ወደ እኔ የሚደርሰው በዓሣ መሐል አልፎ ነው።

ውኃው ንጹሕ በነበረበት አንድ ወር እሱም ባልከፋ። በጥቅምት ግን አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ እንደ ተልባ ውኃ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ መስታወቱ አበቀለ፤ ቀጥሎ ቆራሌዎቹ አረንጓዴ ጺም አወጡ። አልጌ ይባላል አለኝ ይበልጣል። ስሙን ማወቁ ምንም አልጠቀመውም። ያንን አረንጓዴ ብርሃን ተመርኩዤ ስሰፋ የአንዷን ልጅ ሰማያዊ ዩኒፎርም ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ዘመዘምሁት። እናትየዋ ይዛው መጣች። ልጄን ትምህርት ቤት እንጂ ኳስ ሜዳ አልላክኋትም አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትናገር ጨርቋን ይዛ ወደ ገበያው ሰፊ ሄደች። የምትናገረውስ ደህና ናት፤ ዝም ብላ የምትሄደዋ ናት የምታስፈራ። በጥር ላይ በሳምንት የሚመጣልኝ ሥራ አንድ የሱሪ ዚፕ ሆነ።

ያን ጊዜ ተናገርሁ። ብዙ አይደለም፤ «ይበልጣል፣ መስኮቴን» አልሁት። እሱም ነገሩ ገብቶት ነበር መሰለኝ ራሱን አከከ። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ፤ እስከ ፋሲካ ካልጠራ ራሴ አፈርሰዋለሁ፣ ዓሣውን ለሸጠልኝ ለአዲስ አበባው ሰው እመልስለታለሁ፣ መስኮቱም ያንቺ ነው አለኝ። በእናቱ ፊት ነው ያለው። እኔም እሺ አልሁና ወደ ጥጌ ተመለስሁ።

አሁን ኃጢአቴን ልንገራችሁ። ውኃው ለምን እንደሚያረንጉድ አውቅ ነበር።

በር ጀርባ የተቀመጠ ሰው የማያየው ነገር የለም። ይበልጣል ዓሦቹን በጠዋት አንዲት ቁንጥር አብልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እሱ እንደወጣ አገሩ ይገባል። እዚህ አገር ደግሞ አፍ ባለው ፍጡር ፊት ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አለ? ዓሣ እንደምታውቁት አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዳው ይህን አይቶ ምን ይበል? ራበው ይላል እንጂ! ያጎርሰዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሁለተኛውን ይደግማል። ጎረቤት ስኳር ልትበደር መጥታ ታጎርሳለች። የአራት ዓመት ልጄ ማስተዋል ከአፏ አውጥታ ታጎርሳለች። የእማማ ወንድም አያ ሙላት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ከይጁቤ እህል ይዘው ሲመጡ አንድ ዳቦ ለዓሣ ብለው ለብቻው ይይዛሉ። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ይሉና፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ። ዓሣውን ነው በሞቴ የሚሉት።

አንድ ጊዜ ይበልጣል ስለ ብርቱካንማዎቹ ዓሦች ሊያጫውታቸው ሞክሮ ነበር። ትልቋ ሚስቲቱ ናት፤ እሷ ከሞተች ባልየው ራሱ ሚስት ይሆናል አላቸው። አያ ሙላት አማተቡ። ይህ ዓሣ ነው ወይስ ፈተና? አሉ። ሆኖም ጉርሻውን አላቋረጡም። እንዲያውም የዚያን ዕለት፣ እዚህ ያደረሰው ረኃብ ነው ብለው ጨመሩለት።

እና እኔ? እኔ ዝም። ለእንግዳ ቆሎ ሳቀርብ የዓሦቹንም ምግብ አጠገቡ አስቀምጥ ነበር። ክዳኑን ትንሽ አላልቼ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እስከ ፋሲካ ዝም ካልሁ መስኮቱ የእኔ ነው።

የአዲስ አበባው ባለዓሣ ብልህ ሰው ነበር። ይበልጣል ሲደውልለት መጀመሪያ የጠየቀው፣ ማነው የሚያበላቸው? ብሎ ነው። እኔ ብቻ፣ በቀን አንዲት ቁንጥር አለው ይበልጣል። በር ጀርባ ሆኜ ክሩን በጥርሴ በጠስሁ። እንግዲያውስ ከምግቡ አይደለም፤ ማጣሪያው አንሷል ማለት ነው አለ ባለዓሣው። የሚበልጥ ማጣሪያ ተገዛ። አልጠራም። የሚበልጥ ፓምፕ ተገዛ። አልጠራም። በመጨረሻ ከውኃው ላይ እድፉን በአረፋ የሚያወጣ ማሽን መጣ፤ እንደ ጌሾ ጠላ ሲደፋና ሲገነፍል ይውላል። እሱንም እያየሁ በሆዴ አዘንሁለት። ለማሽኑ አይደለም፤ ለባሌ። ግን ለባል በማዘን መስኮት አይመለስም።

ሑዳዴ ገባ። በጋ የመስኖ ሰሞን ነውና ይበልጣል ፓምፕ ሊተክል ወደ ቆላ ወረደ። ከመሄዱ በፊት ገንዳው ላይ አንዲት ትንሽ ማሽን ገጠመ። በሰዓቷ ራሷ ትሽከረከርና ምግብ ትጥላለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ማንም እጁን እንዳያስገባ አለና ሄደ። ማሽኗም ትጥላለች፣ እንግዳውም ይጥላል። እኔም የመስኮቴ መጋረጃ ምን ዓይነት ይሁን እያልሁ ጨርቅ መምረጥ ጀመርሁ።

ሰው ያቅዳል፣ አማት ታፈርሳለች። የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ እማማ ከመስታወቱ ጀርባቸውን አነሡና ማሽኗን አዩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ቅዳሴ አልወጣም። ማሽኗ ዞረች፤ ምግቡ ወረደ፤ ዓሦቹ ተሻሙ። እማማ ዕቃውን አንሥተው ምንድን ነው የሚበሉት? አሉኝ። የተጻፈውን አነበብሁላቸው፤ የደቀቀ ዓሣ፣ ትል፣ ዘይት። ፊታቸው ጠቆረ።

«በሑዳዴ?» አሉ።

ከዚያ ለመምሬ ጻፊልኝ አሉኝ። መምሬ አልማው የንስሐ አባታችን ናቸው። ዲማ ቅኔ ዘርፈው፣ አስነግረው የወጡ ሰው ናቸው፤ እንደ ዘመኑ ሰው ደግሞ ስልካቸው ከኪሳቸው አይጠፋም። እማማ የነገሩኝን እንደወረደ ጻፍሁ። «መምሬ፣ ዓሣ ይጾማል ወይ?» መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ፣ ዓሣም ይጾማል። ሥጋ ነውና።»

እንግዲህ ጽሑፍ ላይ ማጥበቅና ማላላት የለም። «ይጾማል» ጠብቆ ሲነበብ ሰው በጾም ዓሣ አይበላም ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ዓሣው ራሱ ጾመኛ ነው ማለት ነው። እሳቸው ጠብቆ ነው ያሉት፤ ይህ ማንም ያውቀዋል። እኔ ግን እማማ እንደጠየቁኝ አላልቼ አነበብሁት። አስቤ አይደለም፤ ከዘጠነኛ ክፍል የወጣ ሰው የተጠየቀውን ያነባል እንጂ ቅኔ አይፈታም። እማማም «ሥጋ ነውና» የምትለዋን ደጋግመው አጣጣሙ። እውነታቸውን ነው፣ ሥጋ የለበሰ ሁሉ ይጾማል አሉ።

የዚያኑ ዕለት ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ተነሡ። ማሽኗን ከገንዳው ላይ ነቀሏት። ጾም ለማያውቅ ማሽን ቤታችን ቦታ የለውም ብለው ወጡ፤ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓሦቹ ሥርዓት በእማማ እጅ ገባ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀመስም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዲት የተቀቀለች የቆስጣ ቅጠል። ሰማያዊው ዓሣ ቆስጣ ወዳድ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ በግ ይግጣል። ሌሎቹ ከድንጋዩ ሥር የሚለቃቅሙት አላጡም መሰለኝ አልከሱም። እንግዳ እጁን ሲዘረጋ እማማ እጁን ይመቱታል። ዓሣ ልታስገድፍ ነው? ይሉታል። አያ ሙላት እንኳ ዳቧቸውን ይዘው አፍረው ተመለሱ። በጾመኛ ላይ ማን ይፈርዳል?

ውኃውም መጥራት ጀመረ።

መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት በገንዳው በኩል የመንገዱን ሰው ወገብ አየሁ። በአምስተኛው ሳምንት የሰውየውን ቀበቶ ቀዳዳ ቆጠርሁ። ቆራሌዎቹ ጺማቸውን ተላጩና ሐምራዊ ሆኑ። በየቀኑ እየጠራ፣ በየቀኑ መስኮቴ እየራቀ። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። በእኛ በኩል ያለው መስታወት ኩልል ሲል በመስኮቱ በኩል ያለው ከግማሹ በታች አረንጓዴውን አለቅም አለ። እዚያ ላይ ብቻ እንደ መስክ ለምልሞ ቀረ። አየሁት፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

ይበልጣል በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ተመለሰ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ገንዳው ፊት ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ አረፋ አውጪውን ማሽን እንደ ልጅ ዳበሰው። «አላልኋችሁም?» አለ። እማማ የጾምን ኃይል ያወቀ ማን አለ አሉና ሳቅ አሉ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተአምር ያመሰግናሉ። እኔ የመጋረጃውን ጨርቅ አጥፌ ከሣጥኑ ሥር አስገባሁት።

ፋሲካ ጠዋት ነው እንግዲህ። ቤቱ ሞልቷል። መምሬ አልማው ባርከው ተቀምጠዋል፤ አያ ሙላት አሉ፤ ይበልጣል ጠላ ይቀዳል። ዶሮው ቀርቧል። ሁሉም ሲጎራረስ እማማ ሰሐን ይዘው ተነሡ። የዶሮ ብልት፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ፣ ድልሁ የቀላ፣ ከእንቁላል ጋር። ወደ ገንዳው ሄዱ።

በሑዳዴ ሲጾም የከረመ ፍጡር ዛሬ በቆስጣ አይውልም አሉ። አያ ሙላት ደግሞ ከመቀመጫቸው ሆነው፣ ይገባቸዋል፣ ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋል እያሉ ያበረታታሉ። ይበልጣል ጀርባውን ሰጥቶ ይቀዳል፤ አላየም። እማማ መክደኛውን አነሡ።

አሁን አስቡት። የቀረኝ ምንድን ነው? ዝም ማለት። ያን ያህል የለመድሁት ሥራ! አንድ ማንኪያ ቅቤና በርበሬ ከወረደ እስከ ማክሰኞ መስኮቴ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ ምንም አላደረግሁም፤ አማቴ ናቸው። ኃጢአት እንኳ በስሜ አይጻፍም። ብርቱካንማዋ ሚስት፣ ያቺ ትልቋ፣ ወደ ላይ መጣችና አፏን ከፈተች። ዘጋች። ሰባት ወር ሙሉ በእኔ በኩል ባለው መስታወት ፊት እየቆመች ስሰፋ ታየኝ ነበር። ጨዋታ የለን፣ ጠብ የለን።

እውነቱን ንገሪ ካላችሁኝ ግን ለእሷ ብቻ አዝኜ አይደለም። የዚያን ዶሮ ሽንኩርት ሁለት ቀን የላጥሁት እኔ ነኝ። ለዓሣ?

«እማማ፣ ይተዉ!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። «በምግብ ብዛት ገድላችኋቸው ነበር እኮ! አምስት ወር አበላችኋቸው፤ ጾሙ ነው ያተረፋቸው!»

 መምሬ አልማው ጉርሻቸውን ዋጡና ወደ አያ ሙላት ዞሩ። ለካ ድምፅ አላት አሉ።

ይበልጣል ጆጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «አምስት ወር?» አለ። «ማን ነው ያበላቸው?»  አያ ሙላት ኪሳቸውን ሸፈኑ፤ ዳቦው እዚያ ነበርና።

«ማሽኗስ? እኔ የገጠምኋት ማሽን የት አለች?»

እማማ ሰሐናቸውን ሳያስቀምጡ በአገጫቸው ወደ እጁ አመለከቱ። «ይኸውልህ፣ ከእሷ እየቀዳህ ነው» አሉት። ይበልጣል ቀዩን ጆግ አየው። ቆራሌው ወሰዳት፤ በሑዳዴ በጠዋት ስታበላ አግኝቻት ነው፤ መምሬም ዓሣ ይጾማል ብለዋል አሉ።

«እኔ?» አሉ መምሬ።

ስልኩ ወጣ። ተነበበ። መምሬ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን መልእክት እንደ ሰው ቅኔ መረመሩት። «ኧረ እኔ አጥብቄ ነው የጻፍሁት!» አሉ። ማን አላልቶ አነበበው? ተባለ። ሁሉም እኔን አየ። ቀጥሎ መምሬ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ ሲጋባ ሲጋባ እማማ ላይ ደረሰ፤ ሰሐኑ ዘመመ፤ የዶሮው ብልት መሬት ወረደ። እንኳን ወደ ገንዳው አልወረደ።

ይበልጣል ብቻ አልሳቀም። ስልኩን አንሥቶ ለአዲስ አበባው ባለዓሣ ደወለ፤ እንኳን አደረሰህ እንኳ አላለም። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። አገር ሙሉ ሲያበላቸው ነበር፤ አሁን ስለጾሙ ጠራ፤ በመስኮቱ በኩል ብቻ ነው አረንጓዴው የቀረው አለው።

«በምኑ በኩል?» አለ ባለዓሣው።

«በመስኮቱ።»

«የምን መስኮት?»

ይበልጣል አስረዳው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት።  ከዚያ ሰውየው በፋሲካ ጠዋት መናገር የማይገባውን ተናገረ። ሲበርድለት፣ አልጌ ሁለት ነገር ነው የሚበላ አለ፤ ትርፍ ምግብና ፀሐይ። ማን ያበላቸዋል ብዬ ስጠይቅህ እኔ ብቻ ባትለኝ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ያበላቸዋል ብትለኝ ኖሮ፣ ማጣሪያውን ትቼ ያን ጊዜውኑ ብርሃኑ በየት በኩል ነው እልህ ነበር። በጥቅምት ገና ከመስኮቱ አስነሣህ ነበር። ሰውዬ፣ የዓሣ ገንዳ መስኮት ሥር አይቀመጥም!

ተቀመጥሁ። እናንተዬ፣ ገባችሁ? በጥቅምት! በጥቅምት አንዲት ቃል ትንፍሽ ብል ኖሮ በኅዳር መስኮቴ ሥር ነበርሁ። መስኮቴን ላስመልስ ዝም ያልሁት ዝምታ ነው ገንዳውን እዚያ ተክሎ ያኖረው።

ይበልጣል ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ሲሚንቶ አስመጣና የበሩን ጀርባ ጥግ ወለል አጠናክሮ ለሰነው። ሲደርቅ ስድስቱን ኩንታል ባሕር በጀሪካን ቀድተን፣ ሰፈር ተሰብስቦ ተሸክሞ፣ ወደ ጨለማው አዛወርነው። ዓሦቹ ጨለማውን ወደዱት። እማማ ወንበራቸውን አስከትለው ሄዱ። ይበልጣል አሁን ቦታው ሰፊ ነው፣ ስምንት መቶ ሊትር ይችላል እያለ በእግሩ ሲለካ አይቼዋለሁ። ይለካ። የእኔ ግድግዳ አይደለም።

እኔ መስኮቴ ሥር ነኝ። መጋረጃውን ሰቅያለሁ። ዝም ብላ ሄዳ የነበረችዋ ደንበኛ በመስኮት አይታኝ ተመልሳለች፤ የገበያው ሰፊ ወሬ ያበዛል አለችኝ። በሥራ መሐል ማስተዋል መጥታ ስለ አንድ ነገር ስትነተርከኝ አማቴ ከጥጋቸው ሆነው፣ ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም ይሏታል። ልጅቷ ወደ እኔ ታያለች። እኔም ስፒሉን ከአፌ አወጣና እመልስላታለሁ፦ አይነቅዝም ልጄ፣ እማማ እውነታቸውን ነው። አልጌ ግን ያበቅላል።